የሐሙስ አስር ሰዓት አውሮፕላን

ሊምባስ ደሴት፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1997

ይድረስ ለዶዶንግ ቴዮፊሎ፣

ሕፃኑ ኢየሱስ በዚያ የአሸዋ አገር ከፀሐዩም ከሰው ክፋትም ይሰውርህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትህ የአጎቴ ልጅ ነበረች፤ እሷ ከሞተች ወዲህ ካንተ በቀር የምጽፍለት ዘመድ የለኝም። አንተም ከኔ በቀር የሚጽፍልህ ያለ አይመስለኝም።

ለገና የላክኸው ሣጥን ደርሷል። ሳሙናውን ከኮንሶርሲያ ጋር ተካፈልነው። ከታች ከመንደር ዳገቱን ወጥታ ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ አንተን ነው። "ቴዮ እስካሁን አላገባም?" አለችኝ። "አውሮፕላን ካገባ ስንት ዓመቱ" አልኳት። ከልቧ ሳቀች። ባሏ ሩፊኖ ከተሳፈረበት አውሮፕላን ጋር ከጠፋ አስራ አንድ ዓመት አለፈው፤ እሷ ግን አሁንም መሳቅ ትችላለች። ባዶ እጇንም አትመጣም። ተይ ብላት አትሰማኝም።

ያለፈው አውሎ ነፋስ ድሮ የምሠራበትን የአውሮፕላን ማረፊያ ቢሮ ጣሪያ ግማሹን ወሰደው። ካላው አየር መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ቁልፉን አምጪ ያለኝ ስለሌለ ዛሬም እኔው ጋ ነው። ዝናቡ ግድግዳውን ሲያጥበው ከካላው ቢጫ ቀለም ሥር የሲላንጋን አየር መንገድ ሰማያዊ ብቅ አለ። ከሱ ሥር ደግሞ ስሙን እንኳ የማላስታውሰው ያ ባለ አንድ አውሮፕላን ኩባንያ አረንጓዴ። ሦስቱም እዚህ መጡ፣ ሦስቱም ሞቱ። መንደርደሪያው ላይ አሁን የሚግጠው ላም ነው።

አንተ የሙያው ሰው ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከሴቡ ከተማ ወደኛ በኩል የሚበር አዲስ ኩባንያ ተከፍቷል እንዴ? ከኖቬምበር ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ የአውሮፕላን ድምፅ እሰማለሁ። ወጥቼ ሳይ ግን ምንም የለም። ደመናው ዝቅ ስለሚል ይሆናል።

ከቻልክ ከአብራሪዎቹ ጋር እነጋገርበት ለነበረው የመገናኛ ሬዲዮ የሚሆን ባትሪ ላክልኝ። ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳየው ደስ አይለኝም።

አክስትህ ኢስኮላስቲካ


ሻርጃ፣ ማርች 3 ቀን 1997

የተከበሩ ቲያ ኢስኮላ፣

አክስቴ፣ በሩቅም ቢሆን እጅዎን ግንባሬ ላይ አድርጌ ምርቃትዎን እቀበላለሁ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልዎት። እኔ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ገና አልጀመረም።

ሴቡ ያሉ የድሮ ባልደረቦቼን ጠየቅኩልዎ። ወደ ሊምባስ የሚበር ማንም የለም። ትልልቆቹም በጣም ከፍ ብለው ስለሚያልፉ ድምፃቸው እዚያ አይሰማም።

የኔ ሥራ ያው ነው። የከሰሩ ኩባንያዎች አውሮፕላኖች እዚህ አሸዋው ላይ ይደረደራሉ፣ እኛ የሚሸጥ ዕቃቸውን እንፈታለን። ያገራችንም ይመጣሉ። ባለፈው ወር አንዲት ትንሽ ባለ ሁለት ሞተር መጣች፤ ሦስት አገር ዞራ፣ ሦስቴ ስሟን ቀይራ፣ ነጭ ተቀብታ። ጭራዋን ስፈገፍግ ከነጩ ሥር የወፍ መንቁር ወጣ። ቢጫና ቆልማማ። የካላው አርማ ነው፤ አውሮፕላኗ የካላው ናት፣ ቲያ። ካላው የነበሩት አውሮፕላኖች ሁለት ብቻ እንደሆኑ ያውቃሉ። አንዷ የጠፋችው ናት፣ ይቺ ደግሞ እህቷ። አለቃዬ "ለምን አቆምክ?" አለኝ። "ቁርስ አልበላሁም" አልኩት። ወደ ሌላ ሥራ እንዲያዞረኝ ለመንኩትና እሺ አለ።

ባትሪዎቹን ወደ ሴቡ ለሚመጣ ልጅ ሰጥቼአለሁ።

ያ የሚሰሙት ድምፅ የአንድ ሞተር ነው ወይስ የሁለት? ሁለት ከሆነ እኩል ይሄዳል ወይስ አንደኛው ያነክሳል? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ልጅዎ ቴዮፊሎ


ሊምባስ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1997

ዶዶንግ ቴዮ፣

የትንሣኤው በረከት ካንተ ጋር ይሁን። ባትሪዎቹ ደርሰዋል፤ ያመጣቸውን ልጅ ሩዝና ዶሮ አብልቼ ሸኘሁት።

ለጠየቅኸኝ፣ የሁለት ሞተር ነው። አንደኛው ያስላል። የሚቆም ይመስልና ደግሞ ይነሳል። ለምን እንደጠየቅኸኝ አልነገርከኝም።

ላሞቹን ደግሞ ልንገርህ። ድሮ አውሮፕላን ሊመጣ ሲል በዱላ እያባረርኩ ከመንደርደሪያው ላይ አስወጣቸው እንደነበር ታውቃለህ። እነዚህ ላሞች ያኔ አልተወለዱም። አውሮፕላን አይተው አያውቁም። ሐሙስ አስር ሰዓት ሊሞላ ሲል ግን ግጦሹን ትተው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ተራ በተራ ወጥተው አጥሩ ሥር ይቆማሉ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ።

ባትሪውን ከሬዲዮው ጋር አገናኝቼዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሽሽሽ ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ ግን ሽሽሽ ማለቱን ያቆማል። ባትሪው ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። አንድ ሰው በዚያኛው በኩል የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ለመናገር ሲያመነታ እንዴት ጭጭ እንደሚል ትዝ ይልሃል? እንደዚያ ነው።

አራት ሜትር ብርቱካንማ ጨርቅ ላክልኝ፣ ጠንካራ ይሁን። የንፋስ አቅጣጫ ማሳያው ምሰሶ አሁንም አለ፤ ጨርቁ ብቻ ነው ያለቀው።

አክስትህ


ሻርጃ፣ ጁላይ 8 ቀን 1997

የተከበሩ ቲያ ኢስኮላ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ስለ ድምፁ የጻፉትን አንብቤዋለሁ።

ጨርቁን አልላክሁም። በምትኩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ ገንዘብ አለ፤ ሴቡ ሄደው ጆሮዎን ሐኪም ይይልዎ። እዚያ ኮረብታ ላይ ብቻዎን መኖርዎም ትክክል አይደለም። ታች መንደር ቤት ይከራዩ፤ ኪራዩን እኔ እችላለሁ። ቢሮውን ይዝጉትና ቁልፉን ባሕር ይጣሉት። የሞተ ኩባንያ ዘበኛ አያስፈልገውም።

አክብሮቴን አጉድዬ ከሆነ ይማሩኝ።

ልጅዎ ቴዮፊሎ


ሊምባስ፣ ኦገስት 22 ቀን 1997

ቴዮፊሎ፣

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ገንዘብህን መልሼልሃለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። ጨርቁን ከገበያ ገዝቼ ራሴው ሰፍቼ ሰቅዬዋለሁ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ኮንሶርሲያ ሳትነግረኝ መጣች። ቶሎ እንድትሄድልኝ ብዬ "ዝናብ ይመጣብሻል" አልኳት። "ዝናብ እኔን አያሟሟኝም፣ ስኳር ነኝ እንዴ?" ብላ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ላሞቹ ተነስተው መውጣት ሲጀምሩ ታያቸው ጀመር። ከዚያ ድምፁ መጣ። ፊቷን አየሁት፤ እየሰማች ነው። ኮንሶርሲያም ትሰማለች፣ ቴዮ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ።

"ከኖቬምበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

እሷ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ድምፁን በጣቷ ትከተላለች፤ በስተ ሰሜን ሄደ፣ በባሕሩ ላይ ዞረ፣ ተመለሰ። "እየዞረ ነው" አለች። "የሚያርፍበት ጠፍቶት ነው እንጂ የሚሄድ ሰው እንዲህ አይዞርም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አንቺ የዚህ ማረፊያ ኃላፊ ነበርሽ፤ እንዲህ ሲሆን ምን ይደረግ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"በመንደርደሪያው ጫፍና ጫፍ በርሜል ውስጥ ጋዝ ይነድዳል። ጭሱን አይተው ይወርዳሉ" አልኳት።

"እና ለምን አታነጂም?" አለችኝ። እንዲሁ፣ ሩዙ ለምን አልበሰለም እንደሚባለው።

በርሜሎቹ ዝገዋል፤ እያስጠገንኳቸው ነው። ካንተ የምፈልገው ዕቃ የለም አሁን። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አንደኛው ሞተር እንደሚያነክስ ሳልነግርህ እንዴት አወቅህ?

ኢስኮላስቲካ


ሻርጃ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1997

ቲያ፣

እጅዎን ግንባሬ ላይ ማድረግ የሚገባኝ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ይህን አንብበው ሲጨርሱ እርስዎ ይወስኑ።

አውሮፕላኗ በጠፋችበት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1985፣ ሴቡ ላይ የግራው ሞተር የዘይት ግፊት እየወረደ ነበር። መካኒኳ እኔ ነበርኩና ለኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ነገርኩት። "ሰዎቹ ተሳፍረው ሊያልቁ ነው፤ አርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ሲመለስ ትፈታዋለህ" አለኝ። አውሮፕላኗ ለበረራ ብቁ ናት ተብሎ የሚፈረምበትን መዝገብ ከፍቶ እስክሪብቶውን በእጄ አስያዘኝ። ፈረምኩ። ካፒቴን ባልዶሜሮ መስኮቱን ከፍቶ "ዶንግ፣ ደህና ናት?" ብሎ ጮኸብኝ። አውራ ጣቴን አሳየሁት።

አስራ አንድ መንገደኛ፣ ሁለት የበረራ ሰዎች። ሩፊኖ ከመሳፈሩ በፊት አንድ ሲጋራ ከኔ ለምኖ አጭሷል።

ፍለጋው ሲያልቅ መዝገቡን የጠየቀ አልነበረም። ኩባንያው በሰባት ወሩ ከሰረ፣ ወረቀቱም ሰዎቹም ተበተኑ፤ እኔም ወደዚህ መጣሁ። በየዓመቱ እመጣለሁ እያልኩ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ኮንሶርሲያ ሳሙና በተቀበለችኝ ቁጥር እዚህ ሆኜ እንዴት እንደምሆን አልነግርዎም።

ያቺን እህቷን ትናንት ፈተው ጨረሷት። የግራ ሞተሯን እንድፈታ አዘዙኝና እምቢ አልኩ። ከሥራ ሊያስወጡኝ ይችላሉ።

ቴዮፊሎ


ሊምባስ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1997

ዶዶንግ ልጄ፣

እጄን ግንባርህ ላይ አድርጌልሃለሁ። ደብዳቤህን ባለፈው ሰኞ አነበብኩት። ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። ያዘንኩት ግን አንተ እንዳሰብከው በሠራኸው አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻህን መሸከምህ ነው፤ እኔ አንድ ቃል ብናገር ግማሹ ይወርድልህ ነበር።

ስማኝ። ያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። በዚህ ዝናብ አይመጡም ብዬ ደመደምኩ። የቤቴ ሬዲዮ ባትሪ አልቆ ስለነበር የመገናኛ ሬዲዮውን ባትሪ ነቅዬ ቤት ይዤ ሄድኩ፤ የሐሙሱ ተከታታይ ድራማ እንዳያመልጠኝ። ያን ዕለት ልጅቷ እናቷን የምታገኝበት ነበር። አገሩ ሁሉ ሲጠብቀው ነበር።

ድራማው መሐል ላይ ሞተር ሰማሁ። በቤቴ ላይ አልፎ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ተመለሰ። ሬዲዮው ባትሪ የለው፣ በርሜሎቹ ጋዝ የላቸው። ጎርፉ መንገዱን ይዞታል። አሁን እሮጣለሁ፣ አሁን እሮጣለሁ እያልኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰባት ጊዜ ዞረ፣ ቴዮ። እየቆጠርኩ ቆምኩ። ከዚያ በሰሜን በኩል ጠፋ። ታች መንደር ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጆሮ ስለሚደፍን የሰማ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሹሞቹ መጥተው ጠየቁኝ። "ከስምንት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ሬዲዮው ላይ ነበርኩ፤ የጠራኝም የለ፣ ያለፈም የለ" አልኳቸው። ጻፉት። ስለዚህ በደቡብ፣ በኛና በሴቡ መካከል ባለው ባሕር ላይ ሃያ ቀን ፈለጉ። በሰሜን በኩል ማንም አልሄደም፤ እዚያ መድረሷን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለፈው ሐሙስ፣ በወሩ አስራ ስድስት፣ በርሜሎቹን አነደድኩ። ኮንሶርሲያ የወዲያኛውን ጫፍ ያዘች። ላሞቹ ወጡ። አስር ሰዓት ላይ ድምፁ መጣ፤ ግን አልዞረም። እየወረደ፣ እየወረደ መጣ። ሰማዩ ላይ ምንም የለም፣ ድምፁ ግን ደረቴን ያንቀጠቅጠዋል። ከዚያ ከመንደርደሪያው ጫፍ ጀምሮ ሣሩ ተኛ። በሁለት መስመር፣ እንደ መንኮራኩር፣ ተኝቶ ተኝቶ እስከ ቢሮው በር ድረስ መጣ። ሞተሮቹ እዚያ ቆሙ። መጀመሪያ አንደኛው፣ ቀጥሎ ሌላኛው።

ለመጠጋት ፈራሁ። ኮንሶርሲያ ከዚያ ማዶ እየሮጠች መጥታ ሣሩ በሚያበቃበት ቆመች። ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ነበር፤ የሰው ሻንጣ ለመቀበል እንደምንዘረጋው። "ሩፊኖ" አለች፣ ቀስ ብላ። እዚያው ሄጄ እግሯ ሥር ተንበርክኬ የጻፍኩልህን ሁሉ ነገርኳት።

አልመታችኝም። አልሰደበችኝም። "በሰሜን?" ብቻ አለችኝ። "በሰሜን" አልኳት። ጥላኝ ወረደች።

ከታች የመንደሩ ሰዎች ሲጮኹ ይሰማኛል። ወደ ሰሜን ሊወጡ ጀልባዎቹን እያዘጋጁ ነው።

ኢስኮላስቲካ


ሻርጃ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1997

ቲያ፣

ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ምን እንደምል አላውቅም፤ ቃል ሳገኝ እጽፋለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ልለምንዎ።

ካገኟት፣ ጠላቂዎቹ የግራውን ሞተር ይመልከቱልኝ። ከፊቱ የሚሽከረከሩት ሦስት ክንፎች አሉ። ሞተሩ ቀደም ብሎ ከሞተ ክንፎቹ ቀጥ እንዳሉ ይገኛሉ። ውኃውን ሲመታ እየሠራ ከነበረ ግን ይታጠፋሉ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም። የሆነውን ይጻፉልኝ፤ ለኔ ብለው አያለዝቡት።

ቴዮፊሎ


ሊምባስ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1997

ዶዶንግ፣

እመቤታችን ልብህን ታጽናልህ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አገኟት። ከሰሜኑ የባሕር ውስጥ ዐለት ጫፍ፣ ወደ ጥልቁ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ከባሕሩ ዳር የተወረወረ ድንጋይ ከሚደርስበት ብዙም የማይርቅ ቦታ። ጎረምሶቹ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ በላይዋ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል።

የጠለቀው የኮንሶርሲያ ወንድም ሂላሪዮ ነው። ከኔ ጋር አይነጋገርም። ደብዳቤህ ሲደርስ ግን ቤቱ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ "ለኔ አይደለም፣ ለቴዮ ነው" አልኩት። ያንተን ጥያቄ ይዞ እንደገና ወረደ። ሲወጣ ውኃው ሳይደርቅለት ሦስት ጣቶቹን አውጥቶ ወደ ኋላ ቆለመማቸው። "ሦስቱም እንዲህ ናቸው" አለኝ።

"የግራው?"

"የግራው። የቀኙም። አይቼ ነው የነገርኩሽ።"

ስለዚህ ሞተርህ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሠርቷል። እያሳለም ቢሆን አድርሷቸዋል። ደርሰው ነበር፣ ቴዮ። ያላወረድኳቸው እኔ ነኝ።

ሂላሪዮ ሌላም ነገር ነግሮኛል፤ ለሹሞቹ ግን አልተናገረም። ውስጧ ገብቶ ነበር። አጥንት አላገኘም፤ ያ በዚህ ሁሉ ዓመት የሚጠበቅ ነው አሉ። በሩ ግን ከውስጥ ተከፍቶ፣ መሰላሉ ተዘርግቶ ነበር። የመቀመጫዎቹ ቀበቶዎች ሁሉ ተፈተዋል። ተፈተው ብቻ አይደለም፤ አስራ አንዱም ተጣጥፈው መቀመጫው ላይ ተቀምጠዋል፣ መንገደኛ ሲወርድ አስተናጋጇ እንደምታደርገው። ላያቸው ላይ ጭቃ አልነበረም። ወለሉ ግን በጭቃ ተሞልቷል። "ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሰው የነካቸው ይመስላሉ" ብሎኝ ወሬውን ቀየረ። ድምፁ ካነደድነው ቀን ወዲህ አልመጣም። ሬዲዮውም ሳምንቱን ሙሉ፣ ሐሙስም ጭምር፣ ሽሽሽ ይላል።

እኔ ለሹሞቹ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ከጃንዋሪ በኋላ ለምርመራ ሴቡ እጠራለሁ። ባሕሩ ላይ በተደረገው ቅዳሴ የቤተሰቦቹ ጀልባ ላይ አልወጣሁም፤ ነይ ያለኝም የለ። ከዳር ቆሜ አየሁ። መንደር ስወርድ ሰው መንገዱን ይለቅልኛል፤ ለአክብሮት አይደለም።

ኮንሶርሲያ ይቅር አላለችኝም። እንደምትል የሚያሳይም ነገር የለም። ግን ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። በረንዳው ላይ ትቀመጥና "ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ" ትለኛለች። ባትሪውን ስነቅል ምን አስቤ እንደነበር፣ ድራማው ላይ ማን ምን እንዳለ፣ በስንተኛው ዙር ላይ ዝቅ ብሎ እንደመጣ። አንዳንዴ ታቋርጠኝና "እዚህ ጋ ያኔ ሌላ ነገር ነበር ያልሽው" ትለኛለች። አስተካክላለሁ። ስጨርስ ቀሚሷን አራግፋ ትነሳለች። ደህና ዋይ አትለኝም። የምሰጣት ሌላ ነገር ስለሌለኝ በመጣች ቁጥር እነግራታለሁ።

ሴቡ ከመጠራቴ በፊት ብትመጣ ደስ ይለኛል። ማክሰኞና ቅዳሜ ጀልባ አለ። መጥተህ ከኔ ጋር እንድትታይ አላስገድድህም፤ ታች መንደር ብታድር አልቀየምህም።

ያንተን ግን አልነገርኳትም። ሞተሩ መሥራቱን ነግሬያታለሁ፤ መፈረምህን አይደለም። እሱን ለመናገርም ላለመናገርም መብቱ ያንተ ነው። ኮንሶርሲያ ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምትገኝ ታውቃለህ።

አክስትህ ኢስኮላስቲካ